የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፦ ደም ማቆምና ቤት ውስጥ ማገገም

ከሁሉም ጥርሶች ኋላ፣ በመንጋጋው ጫፍ የሚበቅለው ጥርስ በሕክምናው ዊዝደም ቱዝ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ብቅ ይላል። መንጋጋው ላይ በቂ ቦታ ካላገኘ ወደ ጎን ይጋደማል፣ ድድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል ወይም ከፊሉ ብቻ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ዙሪያው ያለው ድድ ይቆስላል፣ ምግብ ይሰነቀርበታል፣ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ጥርስም ሊያበላሽ ይችላል። ብዙ ሰዎች የሚያስነቅሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥርሱ ከወጣ በኋላ ታካሚውንም ቤተሰቡንም አብልጦ የሚያስጨንቀው ደሙ ነው። በተለይ መሽቶ፣ ክሊኒኩ ተዘግቶ ሳለ ትራስ ላይ ደም ሲታይ ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል። አብዛኛው እንዲህ ያለ መድማት በአንድ ቁራጭ ጎዝና በግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ይቆማል። ጥቂቱ ግን ቤት ተቀምጠው ሊጠብቁት የማይገባ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን እንዲለዩ፣ ደሙን በትክክል እንዲያቆሙና ቀጥሎ ያሉትን ቀናት በሰላም እንዲያልፉ ይረዳዎታል።

የረጋው ደም ለምን ይጠቅማል?

ጥርስ ሲነቀል ሥሩ የነበረበት የአጥንት ጉድጓድ ክፍት ይሆናል። ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መርጋት ይጀምራል። ይህ የረጋ ደም የተቆረጡትን ትናንሽ የደም ሥሮች ይደፍናል፤ ከሥሩ ያለውን አጥንትና ነርቭ ከምግብና ከጀርም ይሸፍናል፤ አዲሱ ሥጋም የሚያድገው በእሱ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት "ይህን አያድርጉ" የሚባሉት ነገሮች ሁሉ፣ አለመጉመጥመጥም ሆነ አለማጨስ፣ ዓላማቸው አንድ ነው፦ የረጋው ደም ከቦታው እንዳይነሳ።

ስለ ማደንዘዣውም አንድ ነገር ይወቁ። የጥርስ ማደንዘዣ መርፌ ብዙውን ጊዜ የደም ሥርን የሚያጠብ አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት አብሮ አለበት። ክሊኒኩ ውስጥ እያሉ ደሙ ሙሉ በሙሉ የቆመ የሚመስለው በከፊል በዚህ የተነሳ ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ የደም ሥሮቹ መልሰው ይከፈታሉ፤ ያን ጊዜ ህመሙም ይጀምራል፣ ደሙም በመጠኑ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቤት ከገቡ በኋላ ደም መታየቱ ብቻውን ሐኪሙ ስህተት ሠርቷል ማለት አይደለም።

ቀጠሮ ሲይዙ

ከተቻለ ጥርስዎን ጠዋት ያስነቅሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተነቀለ ጥርስ ማደንዘዣው የሚለቀው ከመሸ በኋላ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተነቀለ ግን ደሙ ቢመለስ እንኳ ገና ቀን ነው፣ ተመልሰው መታየት ይችላሉ። የምሽት እንቅስቃሴ በሚገደብበት ወይም ባጃጅ በጊዜ በሚገባበት ወቅት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ለምሳሌ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ደሙ ቢያስቸግረው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይችላል። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት በጀልባ፣ ከአዴት፣ ከመራዊ ወይም ከዳንግላ በመኪና የመጣ ሰው ግን በዚያው ቀን ከተመለሰ ሌሊቱን ከሕክምና ርቆ ያድራል። ዘመድ ቤትም ቢሆን የመጀመሪያውን ሌሊት ከተማ ያድሩ። ብቻዎን አይደሩ፤ ሊያይዎ የሚችል አንድ ሰው አጠገብዎ ይኑር።

ከክሊኒኩ ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ቢደማብኝ በየትኛው ስልክ ልደውል? ስፌት ካለኝ ክሩ በራሱ ይሟሟል ወይስ ይወጣል? ተመልሼ የምታየው መቼ ነው? ከመድኃኒት ቤት ደግሞ ትርፍ ንጹሕ ጎዝ ይግዙ።

የመጀመሪያው ቀን

ሐኪሙ ጥርሱ በወጣበት ቦታ ላይ የታጠፈ ጎዝ አድርጎ እንዲነክሱ ያደርጋል። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አጥብቀው ይንከሱት። በዚህ መካከል አያውሩ፣ አያኝኩ፣ "ቆሞ ይሆን?" እያሉ አያንሱት። ጎዙ በተነሳ ቁጥር መርጋት የጀመረው ደም አብሮ ይነሳል። ጊዜው ሲያልቅ ጎዙን በቀስታ ያውጡ፤ ደሙ ከቆመ ሌላ ጎዝ መተካት አያስፈልግም።

ለ24 ሰዓት የሚከተሉትን ያስተውሉ፦

• ምራቅዎን በኃይል አይትፉ። ይዋጡት፤ ወይም አንገትዎን ዝቅ አድርገው በራሱ እንዲፈስ ይተዉት።
• አይጉመጥመጡ። የአፍ ማጠቢያም፣ የጨው ውሃም፣ ጸበልም ቢሆን መጉመጥመጡ ለነገ ይቆይ።
• ጁስም ሆነ ለስላሳ በስትሮ አይጠጡ። መምጠጡ የረጋውን ደም ይስበዋል።
• በምላስ፣ በጣት ወይም በስቴኪኒ ቦታውን አይነካኩ።
• ትኩስ ቡና፣ ትኩስ ሻይና ትኩስ ሾርባ አይጠጡ። ሙቀት የደም ሥርን ይከፍታል።
• አልኮል አይጠጡ፤ ጠላ፣ ጠጅና አረቄም ያው ናቸው።
• ጎንበስ ብለው አይሥሩ፤ ውሃ አይሸከሙ፣ ከባድ ነገር አያንሱ።
• ሲተኙ ሁለት ትራስ ደርበው ራስዎን ከፍ ያድርጉ። ትራሱ ላይ አሮጌ ፎጣ ያንጥፉ።

ከንፈርዎና ምላስዎ እንደደነዘዙ ከሆነ ምግብ አያኝኩ፤ ሳያውቁት ከንፈርዎን ሊነክሱ ይችላሉ። ማግስቱንም ድንዛዜው ካልለቀቀ ለነቀለው ሐኪም ይንገሩ። በታችኛው መንጋጋ ጥርሱ አጠገብ የሚያልፍ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። አብዛኛው ጊዜ ወስዶ ይመለሳል።

የትኛው መድማት የተለመደ ነው?

ለመጀመሪያው አንድ ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ቀን ምራቅዎ ሐምራዊ ወይም ቀላ ያለ መሆኑ የተለመደ ነው። ጥቂት ጠብታ ደም ከብዙ ምራቅ ጋር ሲቀላቀል አፍ ሙሉ ደም ይመስላል። ጠዋት ትራሱ ላይ የደረቀ ቀይ ነጠብጣብ ማየትም አያስደነግጥ። የተዋጠ ደም ሆድን ስለሚረብሽ ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ አንድ ጊዜ ጠቆር ያለ ትውከት ቢመጣም ምናልባት የዋጡት ደም ነው።

የሚያሳስበው ምራቅ ያልተቀላቀለበት ደማቅ ቀይ ደም አፍን በፍጥነት ሲሞላ ነው። ለመለየት አዲስ ጎዝ አድርገው ይንከሱ። ሲያወጡት ሐምራዊ ነጠብጣብ ብቻ ካለበት ደሙ እየቆመ ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በደማቅ ቀይ ደም ከራሰ ግን ገና እየደማ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ያድርጉ።

ደሙ ከተመለሰ ምን ያድርጉ?

1. ቀጥ ብለው ይቀመጡ። አይጋደሙ። መደንገጥ የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ቤተሰብ ታካሚውን ያረጋጋ እንጂ በዙሪያው አይጩህ።

2. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ከጉድጓዱ ወጥቶ አፍ ውስጥ የተንጠለጠለ፣ ጉበት የሚመስል የረጋ ደም ካለ በንጹሕ ጎዝ በቀስታ ጠርገው ያንሱት። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አይነካኩ።

3. ጎዙን በንጹሕ ውሃ አርጥበው ይጭመቁት። አጣጥፈው ወፍራም ያድርጉትና በትክክል ጥርሱ በወጣበት ቦታ ላይ ያስቀምጡት። ብዙ ጊዜ ደሙ የማይቆመው ጎዙ ወደ ጉንጭ ተንሸራቶ አጎራባች ጥርሶች ብቻ ስለሚነከሱ ነው። ሲነክሱ ግፊቱ ቁስሉ ላይ መሰማት አለበት።

4. ሰዓት አይተው 30 ደቂቃ ሙሉ ይንከሱ። በግምት አይሥሩ፤ ለታካሚ አምስት ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይመስለዋል።

5. ከ30 ደቂቃ በኋላ ካልቆመ በአዲስ ጎዝ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙት። በዚህ ጊዜ በጎዝ ፈንታ በውሃ የረጠበ የሻይ ከረጢት መጠቀም ይቻላል፤ ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ደም እንዲረጋ ያግዛል። ከረጢቱ መቀዝቀዝ አለበት። የተበተነ ሻይ ቅጠል ግን ቁስል ላይ አይደረግም።

6. ሁለተኛውም 30 ደቂቃ አልፎ ከደማ ሦስተኛ አይሞክሩ። ጎዙን እንደነከሱ ወደ ሐኪም ይሂዱ። እዚያ ቁስሉ ይታያል፣ ደም የሚያቆም መድኃኒት ይደረግበታል ወይም ይሰፋል።

ጎዝ ከሌለ በደንብ ታጥቦ በትኩስ ካውያ የተተኮሰ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አጣጥፈው ይጠቀሙ። ልቅ ጥጥና ሶፍት ግን አይሆኑም፤ ክራቸው ከረጋው ደም ጋር ተጣብቆ ሲነሳ ደሙን እንደገና ያስነሳዋል።

በአካባቢያችን ለሚደማ ቁስል የተፈጨ ቡና መነስነስ የቆየ ልማድ ነው። ጥርስ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ግን ቡና፣ አመድ፣ ትምባሆ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ አይጨምሩ። ዱቄቱ አጥንት ውስጥ ይቀራል፣ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ሐኪሙም ደሙ ከየት እንደሚወጣ ማየት ይሳነዋል። የአስፕሪን እንክብል ድድ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ሥጋውን ያቃጥላል፣ ደሙንም ያባብሳል።

ቀድመው ለሐኪሙ መንገር ያለባቸው ሰዎች

አንዳንድ ሰው ላይ ከላይ ያለው በቂ አይሆንም። ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎ ከመነቀሉ በፊት ይናገሩ፤ ከተነቀለ በኋላ ደም ከመጣም ሁለት ዙር ሳይጠብቁ ሐኪምዎን ያግኙ።

የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ። በሀገራችን በልጅነት በያዛቸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ቫልቫቸው የተጎዳ ብዙ ወጣቶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቫልቭ የተቀየረላቸው ወይም የልብ ምታቸው የተዛባ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ለጥርስ ብለው በራስዎ ውሳኔ ዋርፋሪን አያቋርጡ። የተነቀለ ጥርስ መድማት ተጭነው ሊያቆሙት ይችላሉ፤ ልብ ውስጥ ረግቶ ወደ አንጎል የሄደ ደም ግን ሽባ ሊያደርግ ወይም ሊገድል ይችላል። መደረግ ያለበት አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ ከመነቀሉ በፊት ባለው አንድ ቀን፣ ቁጥሩ የተረጋጋ ከሆነም ቢበዛ በሦስት ቀን ውስጥ ማሠራትና ውጤቱን ለጥርስ ሐኪሙ ማሳየት ነው። ውሳኔውን የልብና የጥርስ ሐኪሞችዎ ተነጋግረው ይስጡ። ለልብ ወይም ለስትሮክ የታዘዘ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም።

ለዋርፋሪን ተጠቃሚዎች ሌላ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ከጥርስ ነቀላ በኋላ በብዛት የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል፣ ብዙዎች ፍላጂል የሚሉት፣ የዋርፋሪንን ኃይል በእጅጉ ይጨምራል። ጥርሱ በተነቀለበት ቀን ያልደማ ሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊደማ ይችላል። ማዘዣ ሲቀበሉ "ዋርፋሪን እወስዳለሁ" ብለው ለሐኪሙም ለፋርማሲ ባለሙያውም ይንገሩ። ቫልቭ የተቀየረላቸው ሰዎች ደግሞ ከመነቀሉ በፊት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ጸረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል፤ በየወሩ የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ ይህን አይተካም።

የጉበትና የጣፊያ ሕመም ያለባቸው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት ጉበት ውስጥ ነው። ሄፓታይተስ ወይም የጉበት መጠንከር ያለበት ሰው ስለዚህ ቶሎ ደሙ አይቆምም። በጣና ዙሪያ ከውሃ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ለቢልሃርዚያ ይጋለጣሉ፤ ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ቢልሃርዚያ ጉበትን ያጠነክራል፣ ጣፊያን ያሳብጣል። ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌት የሚባሉ ሴሎች ይዞ ያስቀራቸዋል። ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ለሥራ ሄደው የተመለሱና ረዥም ትኩሳት፣ መክሳትና የሆድ እብጠት ያለባቸው ሰዎችም በካላአዛር ምክንያት ፕሌትሌታቸው ሊያንስ ይችላል፤ ጥርስ ከማስነቀላቸው በፊት መመርመር አለባቸው።

በትውልድ ደም የማይረጋላቸው። ሲገረዙ፣ ጥርስ ሲነቀሉ ወይም ሲወልዱ ከልክ በላይ ደምቶብዎት ያውቃል? በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ሰው አለ? ካለ ሄሞፊሊያ ወይም ተመሳሳይ ችግር ሊሆን ስለሚችል ይህን ሳይናገሩ አያስነቅሉ።

የደም ግፊት ያለባቸው። መድኃኒትዎን እንደወትሮው በሰዓቱ ይውሰዱ። ግፊት ከፍ ሲል ደሙ እንደገና ይነሳል። የስኳር ሕመምተኞችም ኢንሱሊንና ምግባቸውን ማመጣጠን አለባቸው፤ አፍ አመመኝ ብለው ሳይበሉ ኢንሱሊን መውጋት አደገኛ ነው።

ህመምና እብጠት

ህመሙ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይበረታል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ማስታገሻውን ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ቢጀምሩት ይሻላል።

ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ የሆነ አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት እንክብል በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እንክብል አይበልጥም። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ፣ ከፓራሲታሞል ጋር ሊወሰድ ይችላል፤ ለጥርስ ህመም ሁለቱ በአንድነት ጥሩ ይሠራሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለበት፣ ማስታገሻ አስሙን የሚያስነሳበት፣ ዋርፋሪን የሚወስድና ነፍሰ ጡር ሴት ግን አይቡፕሮፌን አይውሰዱ። ዳይክሎፌናክም የአይቡፕሮፌን ዘመድ ነው፤ ሁለቱን ደርበው አይውሰዱ። ለህመም ብለው አስፕሪን አይዋጡ።

ጉንጭ ማበጥ የተለመደ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጣሪያው ላይ ይደርስና ይቀንሳል። አፍ ለመክፈት መቸገር፣ ጉንጭ ላይ መበለዝና መዋጥ ትንሽ ማመሙም አብሮ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን በረዶ ወይም ከሱቅ የገዙትን ቀዝቃዛ የውሃ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ጉንጭዎ ላይ ለ15 ደቂቃ ያድርጉ፣ ለ15 ደቂቃ ያንሱ፤ እየደጋገሙ ያድርጉት። በረዶውን ያለ ጨርቅ ቆዳ ላይ አያድርጉ። ከሁለተኛው ቀን በኋላ በተቃራኒው ሞቅ ያለ ጨርቅ ጡንቻውን ያፍታታል።

ጸረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ከታዘዘልዎ በታዘዘው መሠረት ይጨርሱ፤ ካልታዘዘልዎ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት በራስዎ አይግዙ። ሜትሮኒዳዞል እየወሰዱ፣ ካቆሙም በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን አልኮል አይጠጡ።

ምግብ፣ መጠጥና ጾም

ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ ለብ ያለና ለስላሳ ነገር በሌላኛው ጎን ይብሉ። አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ገንፎ፣ በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ፣ ምስር አልጫ፣ የተፈጨ ድንች፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ እርጎና በደንብ የራሰ ፍትፍት ጥሩ ናቸው። የማይጾሙ ከሆነ የተቀቀለ እንቁላልና አጥንቱ የወጣለት አሳም ይጠቅማሉ። ጁስ በብርጭቆ ወይም በማንኪያ ይጠጡ። ውሃ በብዛት ይጠጡ።

ለአንድ ሳምንት ያህል ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ድርቆሽና ጥሬ ሥጋ ይተዉ። የቆሎ ስባሪ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሚጥሚጣና የበዛ በርበሬም ቁስሉን ያቃጥላሉ።

በጾም ወቅት ከሆነ የጾም ምግቡ በራሱ ለማገገም ይበቃል። አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ጨጓራን ይጎዳል፤ ከደሙ በኋላ ሳይጠጡ መዋልም ያዞራል። ለጥቂት ቀናት ሰዓቱ እንዲቀልልዎ የነፍስ አባትዎን ያማክሩ። በረመዳን ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር የተፈቀደ ነው። ካልሆነ ነቀላውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ እንዲሆን ቀጠሮ ያስይዙ፤ ህመሙ የሚጠብቅ ከሆነ።

የአፍ ንጽሕና

በመጀመሪያው ቀን ሌሎቹን ጥርሶች በቀስታ ይቦርሹ፤ ቁስሉን አይንኩ። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ይበጥብጡ። በአፍዎ ይዘው ራስዎን ወደ ጎን ዘንበል ያድርጉና ውሃው ቁስሉ ላይ እንዲቆይ ያድርጉ፤ ከዚያ አፍዎን ከፍተው ይልቀቁት። በኃይል አያንቆርቁሩ። ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት ያድርጉ። በእንጨት መፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ወደ ኋላ ጥርሶች አያድርሱት፤ ስንጥሩ ቁስል ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሥራ፣ ስግደት፣ ሲጋራና ጫት

ቢሮ የሚሠራ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊመለስ ይችላል። እርሻ፣ የቀን ሥራ፣ ጀልባ መቅዘፍና ስፖርት ግን ለሦስት አራት ቀን ይቆዩ። ግንባር መሬት የሚነካበት ስግደትም ደምን ወደ ራስ ስለሚያወርድ እስከ ሦስተኛው ቀን በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ተቀምጠው ወይም ራስዎን ዝቅ በማድረግ ብቻ ይጸልዩ።

ሲጋራ፣ ጋያና ሺሻ የደም ሥርን ያጠባሉ፤ መሳቡ ራሱም የረጋውን ደም ይነቅላል። ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ቢቻል ለአንድ ሳምንት ይተዉ። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ ቅጠሉም ጉድጓዱ ውስጥ ይወተፋል፤ ድዱ እስኪገጥም ይታቀቡ።

ድራይ ሶኬት፦ በሦስተኛው ቀን የሚመጣ ህመም

የረጋው ደም ቀድሞ ከተነሳ ወይም ከሟሟ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። ይህ ድራይ ሶኬት ይባላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ህመሙ እየቀነሰ ቆይቶ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ድንገት ይብሳል፣ ወደ ጆሮና ወደ ሰርን ይወጋል፣ ማስታገሻ አይበግረውም፣ አፍ ይሸታል፣ መጥፎ ጣዕም ይመጣል። ጉድጓዱም ባዶ ይመስላል። በታችኛው መንጋጋ፣ በሚያጨሱ ሰዎችና ኢስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ እንክብል በሚወስዱ ሴቶች ላይ ይበዛል።

ቤት ሆነው አይታገሉት። ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ ህመም የሚያስታግስ መድኃኒት ያደርግበታል፤ ብዙ ሰው በዚያው ቀን እፎይ ይላል። ሁኔታው በዋነኛነት ኢንፌክሽን ስላልሆነ ጸረ-ባክቴሪያ መዋጥ ብቻውን አይፈታውም።

ቁስሉ ሲድን ምን ይመስላል?

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጉድጓዱ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ስስ ሽፋን ይታያል። መግል አይደለም፣ አዲስ ሥጋ እየበቀለ ነው፤ አይፋቁት። በሳምንት ውስጥ እብጠትና ህመም በአብዛኛው ይለቃሉ። የማይሟሟ ክር ካለ በ7 ቀን አካባቢ ይወጣል፤ የሚሟሟው በአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በራሱ ይረግፋል። ድዱ በሦስት እስከ አራት ሳምንት ይገጥማል። ከሥር ያለው ጉድጓድ በአጥንት ለመሞላት ግን ወራት ይፈጅበታል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ሁለት ጊዜ ለ30 ደቂቃ ነክሰው ያልቆመ ደም፣ ወይም አፍን ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ደማቅ ቀይ ደም
• ማዞር፣ ራስን መሳት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን
• የደም ማቅጠኛ በሚወስድ፣ የጉበት ሕመም ወይም ደም ያለመርጋት ችግር ባለበት ሰው ላይ በአንድ ዙር ጫና ያልቆመ ደም
• ከሳምንት በኋላ እንደ አዲስ የጀመረ ደም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን መኖሩን ያመለክታል
• ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ መግል፣ ወይም ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት
• መተንፈስ ወይም መዋጥ ማቃት፣ ምራቅ መዝረብረብ፣ ከምላስ ሥር ወይም አንገት ላይ ጠንካራ እብጠት

የመጨረሻው ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅበትም፤ የአየር መንገድን ሊዘጋ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ ወይም ባገኙት መኪና ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይሂዱ። ሲሄዱ ታካሚው ተቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል ይበል፤ በጀርባው አይተኛ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው ይያዙ፤ ዋርፋሪን ካለበትም የመጨረሻውን የአይኤንአር ውጤት አብረው ይውሰዱ።